እናቴ «ምን አለ?» ያላለችበት ፊልም

ልጆቼ፣

ደሴ ላይ ፎቶ ቤት ከፍቼ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ግን ስለ ፊልም ነው።

በበዓል ሰሞን የልጅ ልጆቼ «ሾን ዘ ሺፕ ሙቪ»ን አመጡልን። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የእንግሊዞች ሥራ ነው። አንድም ንግግር የለበትም። ሰዎቹ ያጉረመርማሉ፣ በጎቹ «ባእ» ይላሉ፣ በቃ። የበጎቹ ጌታ ከተማ ውስጥ ጭንቅላቱን ይመታና ማንነቱ ይጠፋበታል። እጁ ግን አልረሳም። ጸጉር ቤት ገብቶ የሰው ጸጉር እንደ በግ ይሸልታል! እናቴ በሳቅ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ወረኢሉ ያደገች ናት፤ በግ ሲሸለት፣ ጸጉሩ ባና ሲሆን ስታይ ኖራለች። ጆሮዋ ስለደከመ የአማርኛ ፊልም እንኳ ስታይ «ምን አለ?» ትላለች። ያን ቀን አንዴም አልጠየቀችም። ከአምስት ዓመቱ ልጅ ጋር እኩል ሳቀች።

እነዚያ በጎች አሻንጉሊት ናቸው። ትንሽ ይነካሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። ደግሞ ትንሽ፣ ደግሞ ፎቶ። ለአንድ ሰከንድ 24 ፎቶ ያልፋል። ብዙ ጊዜ አንዱን አቋም ሁለቴ ስለሚያነሱት 12 ጊዜ ማንቀሳቀስ ይበቃል። ለአንድ ደቂቃ 720 ጊዜ ማለት ነው። ሰው ቀኑን ሙሉ ለፍቶ የሚያገኘው ጥቂት ሰከንድ ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ፎቶ ሳጥብ ስለኖርኩ ይህ ልፋት ይገባኛል። ይህን ፊልም የሠራው ስቱዲዮ ፕላስቲሲን በሚባል የማይደርቅ ለስላሳ ጭቃ በሚሠራቸው ፊቶች ላይ አንዳንዴ የሠሪው የጣት አሻራ ይታያል። እኔ እሱን ሳይ ልቤ ይሞቃል።

እናንተም ቦርከና ዳር የጭቃ በሬ ሠርታችኋል። ስልክም በእጃችሁ አለ። ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ? ስልኩን እንዳይነቃነቅ በድንጋይ አስደግፉት። በመስኮት ብርሃን አትሥሩ፤ ደመና ባለፈ ቁጥር ሥዕሉ ብልጭ ድርግም ይልባችኋል። መጋረጃውን ዝጉና አንድ አምፖል አብሩ። ስልኩ ብርሃኑን በራሱ እንዳይቀያይር ካሜራው ላይ የብርሃን መጠኑን ቆልፉት። መብራት ከጠፋ ምንም ሳትነኩ ጠብቁ። ለመጀመሪያ አምስት ሰከንድ ይበቃል፤ በሬው ጆሮውን ያርግብ፣ ዞር ብሎ ይይ። ወሬ አታብዙበት።

ሲያልቅ መጀመሪያ ለአያታችሁ አሳዩ። «ምን አለ?» ካለቻችሁ እንደገና ሥሩት።