«ይሄ ደግሞ ዘፈን ነው?»

ጥያቄ፦ የ51 ዓመት አባት ነኝ። የ16 ዓመት ልጄን በየማለዳው ትምህርት ቤት አደርሳታለሁ። መኪናው ውስጥ ሁሌም የሚከፈተው የቆዩ የሮክ ዘፈኖችን የሚያጫውት ሬዲዮ ነው። እሷ ገና ቀበቶዋን ሳታስር ኢርፎኗን ጆሮዋ ላይ ትሰካለች። ባለፈው ሳምንት ግን ነቅላው የራሷን ዘፈን በመኪናው ስፒከር ከፈተችው። ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልታገስኩም፤ «ይሄ ደግሞ ዘፈን ነው?» ብዬ ዘጋሁት። «ያንተ ሬዲዮ እኮ በየቀኑ ያንኑ ነው የሚደጋግመው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ በስተቀር አታናግረኝም። ባለቤቴ «ልጅ ናት፣ ተዋት» ትላለች። ግን እውነት የዘንድሮ ዘፈን ባዶ አይደለም? ንቀቷንስ ዝም ልበል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከንቀቱ ልጀምር። እኔ ደብዳቤዎ ውስጥ ንቀት አላየሁም። ያየሁት ብቻዋን የምትሰማውን ዘፈን አባቷ እንዲሰማላት ኢርፎኗን የነቀለች ልጅ ነው። ይህ በ16 ዓመት ቀላል ነገር አይደለም። በዚህ ዕድሜ የሚወደድ ዘፈን «እኔ እንዲህ ነኝ» እንደማለት ነው። «ይሄ ደግሞ ዘፈን ነው?» ሲሏት እሷ የሰማችው ስለ ራሷ ነው። እኔም በልጅነቴ ከአባቴ ጋር በዚሁ ጉዳይ ተኳርፌያለሁ። የትኛው ዘፈን እንደነበር ረስቼዋለሁ። ቴፑን ለማጥፋት የተዘረጋው እጁ ግን እስከ ዛሬ ይታየኛል።

ስለ ሬዲዮው ደግሞ ልጅዎ እውነቷን ነው። የቆየ ሮክ የሚያጫውቱ የንግድ ጣቢያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያሽከረክሩት ጥቂት መቶ ዘፈን ብቻ ነው። ዝርዝሩን የሚያወጡት በሙከራ ነው። አድማጮችን ይሰበስቡና ከእያንዳንዱ ዘፈን በደንብ የሚታወቀውን ጥቂት ሰከንድ ያሰሟቸዋል፤ እነሱም ነጥብ ይሰጣሉ። ያልታወቀው ይወጣል፣ ያሰለቸውም ይወጣል። ጣቢያው የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ አድማጩ ጣቢያ እንዳይቀይርበት። ስለዚህ እርስዎ በየማለዳው የሚሰሙት ከዚያ ዘመን ተበጥሮ፣ ተነፍቶ የቀረውን ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ገለባ ሁሉ ተረስቷል። የልጅዎ ዘፈኖች ገና አልተበጠሩም። የተበጠረን ካልተበጠረ ጋር አወዳድሮ «የዘንድሮው ባዶ ነው» ማለት ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል።

ሌላም አለ። ሰው ወደ ኋላ ዞሮ ሲያስታውስ ከ10 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜው ያለፈው ነገር ከሌላው ጊዜ ጎልቶ ይመጣበታል። ዘፈንም እንደዚያው ነው። ካናዳ ሞንትሪያል ያሉ ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳሳዩት፣ የምንወደውን ሙዚቃ ስንሰማ አንጎላችን ውስጥ ዶፓሚን የሚባል ከደስታ ስሜት ጋር የተያያዘ ኬሚካል ይለቀቃል። የሚገርመው፣ የሚወደደው ቦታ ከመድረሱ በፊት፣ በጉጉቱ ሰዓትም ይለቀቃል። ጊታሩ የት ጋ እንደሚገባ ስለሚያውቁ ሰውነትዎ ቀድሞ ይጠብቀዋል። በልጅዎ ዘፈን ግን ምኑን እንደሚጠብቁ አያውቁም። ግማሽ ደቂቃው የረዘመብዎ አንድም በዚህ ነው ብዬ አስባለሁ።

ኒርቫና የተባለው ባንድ «ኔቨርማይንድ» የተሰኘውን አልበም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። እርስዎ ያኔ የልጅዎ እኩያ ገደማ ነበሩ። የዚያን ጊዜ ስንቱ ወላጅ «ምንድነው ይሄ ጩኸት፣ ዝጋው!» ብሎ ይሆን? ዛሬ የዚያ አልበም ዘፈኖች የቆየ ሮክ የሚያጫውቱት ጣቢያዎች ላይ ይሰማሉ። የእርስዎ ቤት ያኔ ምን ይባል እንደነበር እስኪ ያስታውሱ።

አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገርዎ። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ በሆነ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 20 ገደማ የሆነ ወጣቶች ከራሳቸው ዘመን ዘፈን በተጨማሪ ወላጆቻቸው በወጣትነታቸው ይሰሙት ከነበረው ጋርም ጠንካራ ትዝታ ተገኝቶባቸዋል። ቤት ውስጥ ሲሰሙት አድገዋላ። የእርስዎም ሮክ፣ ኢርፎን ተሰካም አልተሰካ፣ ልጅዎ ውስጥ ሳይገባ አልቀረም። ከዘፈኑ ጋር የትኛው ትዝታ አብሮ ይቀመጥ የሚለው ግን ገና በእጅዎ ነው።

አሁን ምን ያድርጉ? ይቅርታ ይጠይቋት፣ አጭር አድርገው። «የዚያን ቀን ዘፈንሽን መዝጋት አልነበረብኝም። እስከ መጨረሻው ልስማው።» በቃ፤ «ግን» የምትል ቃል እንዳይጨምሩባት። ከፈተችልዎ፣ እስኪያልቅ ዝም ብለው ይስሙ። ሳይወዱት ወደድኩት አይበሉ፤ ልጆች ወዲያው ይነቁብናል። ይልቅ «የትኛው ቦታ ነው ደስ የሚልሽ?» ብለው ይጠይቋት። ግጥሙ ውስጥ የሚያሳስብዎ ቃል ካለ ሌላ ቀን፣ ስለዚያው ቃል ብቻ ያዋሯት። እምቢ ካለች ደግሞ አይጫኗት። ኩርፊያ ጊዜ ይፈልጋል። ምግብና እንቅልፍ ካጣች፣ ከጓደኞቿም ከራቀች ግን ጉዳዩ ከሙዚቃ ያለፈ ነውና በአካል ሄዳ የሥነ ልቦና ባለሙያ ታማክር።

ከታረቃችሁ በኋላ ስፒከሩን በየተራ ያዙት፤ አንድ ቀን የእሷ፣ አንድ ቀን የእርስዎ። የእርስዎ ተራ ሲደርስ ሬዲዮውን አይክፈቱት። በ17 ዓመትዎ ይወዱት የነበረ፣ ጣቢያው ግን የማያጫውተውን አንድ ዘፈን ፈልገው ያሰሟት። መጀመሪያ የሰሙት የት ሆነው፣ ከማን ጋር እንደነበር ይንገሯት።