ከባሕር ዳር ስለ አይጦቹ ኮሌስትሮል ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ለዕጽ መድኃኒት ፍተሻሽ ቅቤ የገባበት አንድ ዓይነት መኖ ለስምንት ሳምንት የበሉ፣ ስዊስ አልቢኖ የሚባሉ ነጭ አይጦች ናቸው ብለሻል። የአንዱ ጠቅላላ ኮሌስትሮል 80፣ የሌላው 160 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወጣ፤ የአንዳንዶቹ ኤልዲኤል («መጥፎ» የሚባለው ኮሌስትሮል) ደግሞ ከዜሮ በታች ሆነ። ኪቱ፣ ማለትም የመለኪያው ኬሚካል፣ ተበላሽቶ ይሆን ወይ ነው ጥያቄሽ። እባክሽ ለሌላ ኪት ብር አታውጪ፤ መጀመሪያ የአይጦቹን ዘርና ስሌቱን እዪ።

1. ስዊስ አልቢኖ ንጹህ ዝርያ አይደለም። ሁሉም ነጭ ስለሆኑ ብቻ «ፒዩር ናቸው» ብሎ የሚሸጥ ሰው ተማሪ እየጎዳ ነው፤ ይሄ በጣም ያናድደኛል። ንጹህ የሚባለው ወንድምና እህት ቢያንስ ለ20 ትውልድ እየተዳቀሉ የተገኘ ዝርያ ነው፣ ለምሳሌ ሲ57 ብላክ 6። ስዊስ አልቢኖ ግን ሆን ተብሎ ዘመድ ከዘመድ እንዳይገናኝ ተደርጎ ነው የሚራባው። ስለዚህ ሁለቱ አይጦችሽ በዘረመል እንደ ሁለት የሰፈር ልጆች ይለያያሉ። ዘር ከልጓም ይስባል ይባል የለ፤ ክሮሞዞም 1 ላይ ያለውን አፖኤ2 የተባለ ጂን ብቻ ብትወስጂ፣ ከሚሠራው ፕሮቲን 61ኛው አሚኖ አሲድ አላኒን ወይም ቫሊን መሆኑ ብቻውን የኤችዲኤልን («ጥሩ» የሚባለውን ኮሌስትሮል) መጠን ይለውጣል። ክሮሞዞም 4 ላይ ኤቢሲኤ1፣ ክሮሞዞም 5 ላይ ስካርብ1፣ ክሮሞዞም 9 ላይ አፖኤ1 እና የኤልዲኤል ተቀባይ የተባሉ ሌሎች የኮሌስትሮል ጂኖች አሉ። እነዚህ ሁሉ ተደማምረው ነው 80 እና 160 የሚሰጡሽ።

ለሚቀጥለው ዙር በዚሁ ዘር አይጦች መቀጠል ትችያለሽ። የአንድ እናት ልጆችን አንድ ቡድን ውስጥ አታጉሪያቸው፤ በየቡድኑ በትነሽ መድቢ። አንድ ጾታ ብቻ ያዢ። ከሁሉም በላይ መኖው ከመጀመሩ በፊት የእያንዳንዱን ደም ለኪና የምታነጻጽሪው ለውጡን ይሁን። ይሄን የመነሻ ልኬት መዝለል ነው ብዙ ቴሲስ የሚያበላሸው፤ በኋላ በምንም ስታቲስቲክስ አይጠገንም።

2. ኤልዲኤሉ። ኤልዲኤልን የሚያሰላው የፍሪድዋልድ ቀመር (ከጠቅላላው ኮሌስትሮል ኤችዲኤልንና የትራይግሊሰራይድን፣ ማለትም የደም ቅባትን፣ አንድ አምስተኛ ይቀንሳል) ለሰው የተሠራ ነው። አይጥ ኮሌስትሮልን ከኤችዲኤል ወደ ሌሎቹ የሚያሸጋግረው ሴቴፕ የተባለው ፕሮቲን ስለሌላት አብዛኛው ኮሌስትሮሏ ኤችዲኤል ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ጠቅላላው 90፣ ኤችዲኤል 70፣ ትራይግሊሰራይድ 110 ቢሆን፣ 90 ሲቀነስ 70፣ ሲቀነስ 22፣ ውጤቱ −2 ነው። ኪቱ ምን አጠፋ? ጠቅላላውን፣ ኤችዲኤሉንና የሁለቱን ልዩነት ብቻ ሪፖርት አድርጊ፤ ልዩነቱንም ኤልዲኤል ብለሽ አትሰይሚው።

3. ቅቤው። 100 ግራም ንጥር ቅቤ ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ወደ 250 ሚሊግራም ነው። ኪሎ መኖ ላይ 200 ግራም ብትጨምሪ ግማሽ ግራም፣ ማለትም 0.05 በመቶ ብቻ ነው የሚሆነው። የተለመደው «የምዕራባውያን መኖ» 0.2 በመቶ ገደማ አለው፤ ስለዚህ በኪሎ 1.5 ግራም ንጹህ ኮሌስትሮል በቀለጠው ቅቤ ውስጥ አሟሚና ከዱቄቱ ጋር ለውሺው። ቅቤው ያለ ቅመም የተነጠረ መሆን አለበት! ኮሰረትና በሶብላ የገባበት ቅቤ ከገበያ ገዝተሽ የዕጽ መድኃኒት ብትፈትሺ፣ የቱ ዕጽ ምን እንደሠራ ማንም አያውቅም። ኮሊክ አሲድ (የሐሞት አሲድ) ጨምሪ የሚሉሽ ይኖራሉ፤ ኮሌስትሮሉን በእርግጥ ከፍ ያደርገዋል፣ ግን ጉበቱን ያስቆጣል፤ ዕጽሽ ለጉበት ከሆነ ተዪው። በባሕር ዳር የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት ቅቤው ስለሚላላ መኖው የአይጦቹን ፀጉር ይቀባል፣ ቶሎም ይሻግታል። በየሁለት ቀኑ ቀይሪው፣ የቀረውንም መዝኚ።

የሰው ዓይነት ኤልዲኤል የግድ ካስፈለገሽ ስዊስ አልቢኖ አይሆንሽም። በ1992 የተሠራው፣ ቅባትን ከደም ለማጽዳት የሚረዳው አፖኢ የተባለ ፕሮቲን የሌለው አይጥ በተራ መኖም ኮሌስትሮሉ ከ400 በላይ ይወጣል፤ በ1993 የመጣው የኤልዲኤል ተቀባይ የሌለው ደግሞ በተራ መኖ መጠነኛ፣ በቅባት መኖ እጅግ ከፍተኛ ይሆናል። ካገኘሽ ከጂኑ አንድ ጤነኛና አንድ የጎደለ ቅጂ ያላቸውን እርስ በርስ አዳቅይ፤ ከአራቱ አንዱ ገደማ ጂኑ ሙሉ በሙሉ የሌለው ይሆናል፣ ጤነኛ ወንድሞቹም ማነጻጸሪያ ይሆኑሻል። እያንዳንዱን ግን ከጭራው ቅንጣት በፒሲአር (በዲኤንኤ ምርመራ) ሳታረጋግጪ አትመድቢ።

ደሙን ከ4 ሰዓት ጾም በኋላ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ውሰጂ፤ ውኃ አትከልክያቸው። ከ25 ግራም አይጥ በአንድ ጊዜ ከ0.2 ሚሊሊትር አትለፊ። ለ30 ደቂቃ ይርጋ፣ ከዚያ በ2000 ጂ ለ10 ደቂቃ አዙሪው፤ ጂ የማዞሪያው የስበት ኃይል ነው እንጂ የዙር ቁጥር አይደለም። ሴረሙ (ከረጋው ደም በላይ የሚቀረው ፈሳሽ) ሮዝ ከመሰለ ጣይው፤ የፈረሰው ቀይ ደም ሴል ቀለም ኪቱ በሚያነብበት 500 ናኖሜትር ላይ ይገባና ቁጥሩን ያዛባዋል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ሴረሙን ከመጀመሪያው 50፣ 50 ማይክሮሊትር አድርገሽ ከፋፍለሽ አቀዝቅዢ፤ አንዴ የቀለጠ ቱቦ ተመልሶ ፍሪዘር እንዳይገባ።