«የሚበላው ጠጠር» የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ በትርፍ ጊዜዬ ከተለመደው ሕግ ወጣ ያሉ የቼዝ እንቆቅልሾች አዘጋጃለሁ። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ቡና ላይ ለሚገናኙ ተጫዋቾች አንድ አቀማመጥ ሳቀርብ ሕጉን «የሚበላው ጠጠር ወደ መነሻ ቤቱ ይመለሳል» ብዬ ጻፍኩ። ገሚሶቹ የተማረከውን፣ ገሚሶቹ ማራኪውን መለሱና ሁለት የማይገናኙ መፍትሔዎች ቀረቡልኝ። ዐረፍተ ነገሬ ስሕተት አለበት?

መልስ፦ ክቡር መምህር፣ ዐረፍተ ነገርዎ በሰዋስው በኩል እንከን የለውም። ችግሩ ከአንድ በላይ ትክክለኛ ንባብ ያለው መሆኑ ነው፤ የቼዝ እንቆቅልሽ ደግሞ ሁለተኛ መፍትሔ ከተገኘበት እንደ ተበላሸ ስለሚቆጠር፣ በአቀማመጡ ላይ የማይፈቀደው መንታነት በሕጉ አነጋገርም ሊፈቀድ አይገባም። የቅኔ ሰው እንዲህ ያለውን ቃል ኅብረ ቃል ብሎ ሰምና ወርቅ ያወጣበት ነበር፤ እርስዎ ግን ቅኔ እየዘረፉ አይደለም።

«የሚበላ» የሚለው ጽሑፍ «በ» እና «ላ» ላልተው ሲነበቡ አድራጊውን፣ ጠብቀው ሲነበቡ ተደራጊውን ያመለክታል። ተደራጊነትን የሚያሳየው «ተ» በኃላፊ ጊዜ ጎልቶ ይታያል፤ «በላ» እና «ተበላ» ሲጻፉም ሲነገሩም አይምታቱም። ገና ያልተፈጸመ ድርጊትን በሚያሳየው አንቀጽ ግን ይህ «ተ» ከ«ይ» ቀጥሎ ሲመጣ በሥሩ የመጀመሪያ ፊደል ይዋጥና ያንን ፊደል አጥብቆት ይጠፋል። ጆሮ የሚሰማውን ይህን ጥብቀት ፊደላችን ስለማያሳይ «ፈረሱ ይበላል» የሚለው ጽሑፍ ፈረሱ ሌላውን እንደሚማርክም፣ ራሱ እንደሚማረክም ሊነበብ ይችላል። አንዳንድ የሰዋስው መጻሕፍት በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ሁለት ነጥብ ያኖራሉ፤ በዕለት ተዕለት ጽሑፍ ግን ይህ ልማድ የለም።

የእርስዎን ጉዳይ የተለየ የሚያደርገው ሁለቱም ንባቦች በዓለም የታወቁ ሕጎች መሆናቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የፈረንሳዩ ፒየር ሞንሪያል ያስተዋወቀው ሰርሴ የተባለው ሕግ የተማረከው ጠጠር ወደ መነሻ ቤቱ እንዲመለስ፣ ያ ቤት ከተያዘ ግን እስከ መጨረሻው ከገበታው እንዲወጣ ያዛል። አንቲሰርሴ የተባለው በተቃራኒው የተማረከውን ያስወግድና ማራኪውን ወደ መነሻው ይመልሳል፤ የመነሻ ቤቱ ባዶ ካልሆነም መማረክን ጭራሽ ይከለክላል። ኢ5 ላይ (ፊደሉ የቤቱን ዓምድ፣ ቁጥሩ ረድፉን ያመለክታል) የቆመ ነጭ ፈረስ ዲ7 ላይ ያለችውን ጥቁር ንግሥት ማረከ እንበል። በሰርሴ ንግሥቲቱ ዲ8 ላይ እንደገና ትቆማለች፣ ፈረሱም ዲ7 ላይ ሆኖ ኤፍ8 ያለን ንጉሥ ቼክ ይላል። በአንቲሰርሴ ግን ንግሥቲቱ ትጠፋለች፤ ፈረሱም ቢ1 ላይ ይገኛል፤ ፈረስ የሚመለሰው ከሁለቱ መነሻዎች የማረከበትን ቤት ቀለም ወደሚጋራው ነውና። እንግዲህ የአንድ ፊደል መጥበቅና መላላት ማቱን፣ ማለትም ንጉሡ ማምለጫ አጥቶ ጨዋታው የሚያበቃበትን፣ ሊያመጣውም ሊያስቀረውም ይችላል ማለት ነው።

«ጮክ ብዬ ባነብላቸው ይበቃ ነበር» እንዳይሉ፣ ሦስተኛ ንባብም አለ። መጨረሻ ላይ ያለው «ው» አንድም እንደ «ሰውየው» አመልካች ነው፤ አንድም ተሳቢን የሚያሳይ ቅጥያ ነው። ስለዚህ ቃሉን አላልተው ቢያነቡትም «የሚበላው ጠጠር» ሌላውን የሚማርከው ጠጠር ሊሆን ይችላል፤ «ነጭ የሚበላው ጠጠር» እንደሚባለው ተጫዋቹ የሚማርከው ጠጠርም ሊሆን ይችላል። ድምፅ የመጀመሪያውን መንታነት ቢፈታ ይህንን አይፈታም።

ሰርሴን ከፈለጉ እንግዲህ «የተበላው ጠጠር» ይበሉ፤ «ተ» በግልጽ ስለሚታይ ሌላ ንባብ አይኖረውም። ለአንቲሰርሴ ግን «የበላው ጠጠር» ብቻውን አይበቃም፤ «ነጭ የበላው» ተብሎ ወደ ተማራኪው ሊዞር ስለሚችል ተሳቢውን ጨምረው «ሌላውን የበላው ጠጠር» ቢሉ ይሻላል። «ማራኪ» እና «ተማራኪ» የሚሉትም ያስኬዳሉ፤ በእኔ አስተያየት ግን በዳማም በቼዝም ሰው የለመደው «በላ» ስለሆነ ያንኑ ማስተካከል ይቀድማል።

እዚያው ጅማ ያሉት ተጫዋቾችዎ አብዛኞቹ አፋን ኦሮሞ እንደሚያነቡ እገምታለሁ። አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ ጥብቀት ፊደሉን በመድገም ስለሚጻፍ፣ በእኛ ፊደል ሁለቱም «በዳ» ተብለው ሊጻፉ የሚችሉት «መጥፎ» እና «ደጋ» የሚል ትርጉም ያላቸው ቃላት በዚያ ጽሑፍ አይምታቱም፤ ለመጀመሪያው አንድ፣ ለሁለተኛው ሁለት የ«ድ» ፊደል ይጻፋል። ስለዚህ ሕግዎን በሁለቱም ቋንቋ ቢለጥፉ አንዱ ጽሑፍ ሌላውን ያርመዋል።

በሌሎቹ ሕጎችም ላይ ጥቂት ልበል። ሁለቱ ወገኖች ተባብረው ጥቁርን ማት የሚያደርጉበትን ዓይነት ለመግለጽ አማርኛ የመደራረግ አንቀጽ ስላለው አይቸገሩም፤ «ጥቁር ይጀምራል፤ ሁለቱ ተጋግዘው በሁለት እርምጃ ጥቁርን ማት ያደርጋሉ» ይበቃል። ነጭ ተቃዋሚውን አስገድዶ በራሱ ላይ ማት በሚያስደርግበት ዓይነት ግን «የራሱን ንጉሥ» ከማለት ይቆጠቡ፤ «ነጭ ጥቁርን የራሱን ንጉሥ ማት እንዲያደርግ ያስገድደዋል» ሲባል «ራሱ» ወደ ጥቁርም ሊጠጋ ይችላልና «የነጭን ንጉሥ» ብሎ በስም መጥራት ይሻላል። እንግሊዛዊው ቶማስ ዶውሰን (1889–1951) በፈጠረው፣ ጥቁር ካሉት እርምጃዎች ሁሉ የሚረዝመውን እንዲሄድ በሚገደድበት ሕግም «ረጅሙን እርምጃ» ማለት አይበቃም። አማርኛ ለብልጫ የተለየ የቅጽል ቅርጽ ስለሌለው «ከሁሉ የሚረዝመውን» ይበሉ፤ ርዝመቱም ከቤት መሐል እስከ ቤት መሐል እንደሚለካ ይጨምሩበት፤ እኩል የሚረዝሙ ሁለት እርምጃዎች ካሉ ደግሞ ጥቁር የወደደውን እንደሚመርጥ ይግለጹ።