ካናቢስ የገባበትን ቸኮሌት ስለ ሕመም መብላት ይገባልን?

ጥያቄ፦ መምህር፥ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት ነው። በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት ስለምሠራ ወገቤን ያመኛል፤ ቀን ልተኛ ብልም እንቅልፍ አይወስደኝም። ይህን ያየች የሥራ ባልደረባዬ ካናቢስ (ማሪዋና የሚባለው ዕፅ) ያለበት ቸኮሌት አምጥታ ሰጠችኝ። በሕግ የተፈቀደ ነው፥ እግዚአብሔር ከፈጠረው ዕፅ የተሠራ ነው፥ ወተት ስለሌለውም በጾም ይበላል ትለኛለች። ገና አልቀመስሁትም። ኃጢአት ይሆንብኛል? ካልሆነስ የትኛውን ልምረጥ፥ እንዴትስ ልውሰድ? ሥጋ ወደሙ ስለምቀበል ነገሩ አሳስቦኛል።

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን። ውድ እኅታችን፥ ከመቅመስሽ በፊት መጠየቅሽ መልካም ነው። ሌሊቱን ሙሉ አረጋውያንን ስታነሺና ስታስተኚ ያገኘሽ ሕመም መሆኑንም ተረድቻለሁ፤ ስለዚህ የምመልስልሽ ሥቃይሽን አቅልዬ አይደለም።

ከባልደረባሽ ሦስት ምክንያቶች እንጀምር። ዕፁን የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑ እውነት ነው፤ የፈጠረውም ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ወይኑንም የፈጠረው እርሱ ነው፤ ጻድቁ ኖኅ ግን ከወይኑ ጠጥቶ ሰከረ፥ በድንኳኑም ውስጥ ዕራቁቱን ሆነ (ዘፍ. 9፥21)። ስለዚህ የፍጥረቱ መልካምነት አጠቃቀማችንን ሁሉ መልካም አያደርገውም። ቤተ ክርስቲያን የምትጠይቀው ሰው ዕፁን ለምን፥ ምን ያህልና በማን ምክር እንደሚወስደው ነው።

የሕጉን ነገር ብንመለከት፥ የኮሎራዶ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2012 በድምፁ አጽድቆት ከጥር 2014 ጀምሮ ዕድሜያቸው 21 ዓመት ለሞላ ሰዎች በይፋ ይሸጣል። በፌዴራሉ መንግሥት ሕግ ግን ለመዝናኛ መያዙ እስካሁን ክልክል ነው። ይህ ለስደተኛ ተራ ነገር አይደለም፤ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት፥ በግዛቱ ሕግ የተፈቀደ ቢሆንም እንኳ ካናቢስ መጠቀም የዜግነት አመልካችን መልካም ጠባይ ጥያቄ ውስጥ ሊያስገባ ይችላል። የብዙ ወንድሞቻችን እንጀራ የሆነው የከባድ መኪና ሹፌርነትም በፌዴራል የዕፅ ምርመራ ሥር ነው፤ በምርመራ የተገኘበት ሰው «ቸኮሌት ነው የበላሁት» ቢል አይድንም። ይህም ሁሉ ሆኖ፥ ለክርስቲያን የሕግ መፍቀድ የመጨረሻው መልስ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ሁሉ እንደ ተፈቀደለት፥ ሁሉ ግን እንደማይጠቅም፥ በእርሱም ላይ አንዳች ነገር እንዲሠለጥንበት እንደማይፈቅድ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈው ይህን ለማስተማር ነው (1 ቆሮ. 6፥12)።

ስለ ጾሙም፥ ወተት የሌለበት ቸኮሌት በራሱ ጾምን አያስገድፍም። ነገር ግን ከወተት ተከልክለን አእምሮን በሚያደነዝዝ ነገር ብንጠመድ ምን እንጠቀማለን? የጾሙ ፍሬ ንቁ ልቡና ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ «በመጠን ኑሩ ንቁም» ያለው ባላጋራችን ዲያብሎስ እንደሚያገሣ አንበሳ የሚውጠውን ፈልጎ ስለሚዞር ነው (1 ጴጥ. 5፥8)። ስለዚህ ደስ ለመሰኘት፥ ጭንቀትን ለመርሳት ወይም ከጓደኛ ላለመለየት ብሎ ይህን ቸኮሌት የሚበላ ሰው ኃጢአት ይሠራል። የጠጅ ስካር የሚኮነነው በጠጅነቱ ሳይሆን ልቡናን ስለሚነጥቅ ነው፤ ልቡናን የሚነጥቅ ነገር በብርሌም ቢቀርብ በቸኮሌት ፍርዱ አንድ ነው።

ያንቺ ጥያቄ ግን ስለ ሕመም ነው፤ መልሱም ከዚህ ይለያል። ቤተ ክርስቲያን መድኃኒትን አትነቅፍም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደ ፈጠረ፥ አስተዋይ ሰውም እንደማይንቀው ያስተምረናል፤ ባለመድኃኒቱንም አክብር ይላል። ቅዱስ ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱና ስለ ሕመሙ ብዛት ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሮታል (1 ጢሞ. 5፥23)። በዚህ ምክር ውስጥ ሕመሙ ተለይቶ ተነግሯል፥ መጠኑ ጥቂት ተብሎ ተወስኗል፥ መካሪውም መንፈሳዊ አባት ነው፤ ጢሞቴዎስ ለራሱ መርጦ አልጠጣም። በእጅሽ ባለው ቸኮሌት ግን ሦስቱም ጎድለዋል፤ ወገብሽን የመረመረ የለም፥ መጠኑን የወሰነልሽ የለም፥ የንስሐ አባትሽም አያውቁም። «የትኛውን ልምረጥ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል፤ እኔ የምፈራልሽ ምርጫው ለአንቺ፥ ለባልደረባሽ ወይም ለባለ ሱቁ መተዉን ነው።

ዕፁ ምንም አይጠቅምም ብዬ ግን አልዋሽሽም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ሰፊ ግምገማ፥ ካናቢስ የአዋቂዎችን ሥር የሰደደ ሕመም እንደሚያስታግስ በቂ ማስረጃ አግኝተዋል። ሆኖም የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለየትኛውም በሽታ መድኃኒት ነው ብሎ ያጸደቀው የካናቢስ ቸኮሌት የለም።

አደጋው ያለው በቸኮሌትነቱ ነው። በኮሎራዶ ለመዝናኛ የሚሸጠው አንድ ጥቅል ቢበዛ 100 ሚሊግራም ቲኤችሲ ይይዛል፤ አእምሮን የሚለውጠው ንጥረ ነገር ይህ ነው። አንድ መጠን ተብሎ የተወሰነው ደግሞ 10 ሚሊግራም ነው። እንግዲህ ልማድ የሌላት ሰው አንዲት ቁራጭ በላች እንበል። ግማሽ ሰዓት ጠበቀች፥ ምንም አልተሰማትም። ቸኮሌቱ ይጣፍጣል፥ ወገቧም ያማታል፤ ሁለት ቁራጭ ጨመረች። የሚጨስ ካናቢስ በደቂቃዎች ውስጥ ሲሰማ የሚበላው ግን በሆድና በጉበት በኩል ስለሚያልፍ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ይዘገያል። እናም የመጀመሪያዋ ቁራጭ ገና ሳትጀምር ሁለቱ ተከትለዋት ገብተዋል። ከዚያ በኋላ ልቧ በኃይል ይመታል፥ ፍርሃት ይይዛታል፥ ያለችበት ይጠፋባታል፤ ይህም ለብዙ ሰዓታት ይቆያል።

እ.ኤ.አ. በ2014 በዚያው በኮሎራዶ የ19 ዓመት ወጣት ከስድስት መጠን በላይ ያለበት ብስኩት ይዞ፥ ሻጩ እንደ ነገረው በመጀመሪያ አንዷን ቁራጭ ብቻ በላ። ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ቆይቶ ምንም ስላልተሰማው የቀረውን ጨረሰው፤ ንግግሩና ጠባዩ ተለወጠ፥ በመጨረሻም ከአራተኛ ፎቅ ሰገነት ዘሎ ሞተ። ይህን የመዘገበው የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ነው። ይህ የደረሰው ምክር ባልሰማ ሰው ላይ አይደለም፤ ግማሹን ሰምቶ ግማሹን ባልታገሠ ልጅ ላይ ነው። እኔም ይህን ባነበብሁ ቁጥር አዝናለሁ።

ልጆች ካሉሽ ደግሞ የበለጠ ልትፈሪ ይገባል። በአሜሪካ ዕድሜያቸው ከ6 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት በስሕተት የካናቢስ ምግብ በልተው ለመርዝ መረጃ ማዕከላት የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2017 207 ጊዜ ነበር፤ በ2021 ግን 3,054 ደርሷል። ሕፃን በፍሪጅ ውስጥ ቸኮሌት ሲያይ መድኃኒት ነው ብሎ አያልፈውም። በየቤታችን ለዝክርና ለክርስትና እንግዳ ስለሚሰበሰብ፥ የጎረቤትም ልጅ ገብቶ ስለሚወጣ፥ እንዲህ ያለውን ነገር ከሚበላ ነገር ጋር ማስቀመጥ ትልቅ በደል ነው። ልጅ በልቶት ቢገኝ፥ ወላጅ አፍሮ ሳይደብቅ ወዲያው ወደ መርዝ መረጃ ማዕከል በ1-800-222-1222 ይደውል፤ ልጁ ከደነዘዘ ወይም መተንፈስ ካቃተው ወደ 911።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ባልደረባሽ የሰጠችሽን አትብዪው፤ በክብር መልሺላት። ለወገብሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ የሰውነት ማጠንከሪያ ሕክምና፥ አረጋውያንን የምታነሺበትን መንገድ ማስተካከል፥ የሌሊት ፈረቃውን መቀየር አስቀድመው ሊሞከሩ ይገባል። ሐኪሙ መርምሮሽ ሌላው ሁሉ አልረዳም ብሎ ካናቢስን ቢመክርሽ፥ ለንስሐ አባትሽ ሳትደብቂ ንገሪ፤ እርሳቸውም ከፈቀዱልሽ እንደ መድኃኒት እንጂ እንደ ጣፋጭ አትያዢው። ሐኪሙን ከቸኮሌት ይልቅ ሌላ ዓይነት እንዲሰጥሽ ጠይቂው፤ የሚጣፍጥ መድኃኒት መጠኑን ያስረሳልና። ግድ ቸኮሌት ከሆነም፥ መጠኑ በጉልህ ከተጻፈበት፥ ፈቃድ ካለው ቤት የተገዛ ይሁን፤ ቤት ውስጥ ከተሠራ ራቂ። ሐኪሙ ከወሰነልሽ መጠን አትለፊ፤ አልሰማኝም ብለሽም አትድገሚ። ከመጠጥና ከሌላ የእንቅልፍ መድኃኒት ጋር አትቀላቅዪው፥ ወስደሽ መኪና አትንጂ፥ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠቢ ከሆንሽም ፈጽሞ አትውሰጂ። ቆልፈሽ አስቀምጪው። ወደ ኢትዮጵያ ወይም በዐረብ አገሮች በኩል ስትሄጂ በሻንጣሽ እንዳይገኝ፤ በዚያ ወንጀል ነው።

ስለ ሥጋ ወደሙ፥ ከመቀበልሽ በፊት 18 ሰዓት እንደምትጾሚ ታውቂያለሽ። እሑድ ጠዋት ለመቀበል የምትዘጋጅ ሰው ቅዳሜ ማታ ለእንቅልፍ ብላ ይህን ብትበላ ጾሙን ሽራለች፤ በደነዘዘ አእምሮም ወደ ቅዱስ ምሥጢር መቅረብ አይገባትም። ሕመሙ ጸንቶ መድኃኒቱን መተው ያልቻለ ሰው ግን በራሱ ፍርድ አይቁረብ፥ በራሱም ፍርድ ከቁርባን አይራቅ፤ ጊዜውንና ሁኔታውን የሚወስኑለት የንስሐ አባቱ ናቸው። በዚህ ሳምንት ስልክ ደውለሽ ለንስሐ አባትሽ ይህንኑ ጥያቄ አቅርቢ፤ የሐኪም ቀጠሮሽንም ይዘሽ ጠብቂ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።