መልስ፦ አልድን ያለ የደም መልስ (ደምን ወደ ልብ የሚመልሱ ሥሮች ችግር ያመጣው) የእግር ቁስል

በየቀኑ እየታጠበ፣ አንቲባዮቲክም እየተሰጠ ቁስሉ አልደርቅ አለ ላሉት፦ የጎደለው በፋሻ ጠቅልሎ የሚሰጥ ግፊት ነው። በቅባት ብቻ አይድንም።

መጀመሪያ የቁርጭምጭሚቱን የደም ግፊት በዶፕለር (የደም ፍሰትን በድምፅ ሞገድ በሚያሰማ መሣሪያ) ለክተው ለክንዱ የደም ግፊት ያካፍሉ። ከ0.8 እስከ 1.3 ከሆነ ቁርጭምጭሚቱ ላይ 40 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ የፋሻ ግፊት ይቻላል፤ ከ0.5 በታች ከሆነ ፋሻውን ትተው በአስቸኳይ ሪፈር ይጻፉ። (የስኳር ሕመምተኛ ላይ ቁጥሩ ያለአግባብ ከፍ ሊል ስለሚችል ብቻውን አይመኑት።)

ቁርጭምጭሚቱን 90 ዲግሪ አጥፈው፣ ጥጥ አልብሰው፣ ከጣቶች ሥር እስከ ጉልበት ሥር በፋሻ ይጠቅልሉ፤ ተረከዙ አይዘለል። ብዙው ስሕተት ባቱ ላይ ይበልጥ ማጥበቅ ነው፤ ያኔ ከታች ያብጣል። ቀጭን እግር ላይ ጥጡ ካነሰ ደግሞ የቅልጥሙ ጠርዝ ይቆስላል። አንቲባዮቲኩን የሚስፋፋ መቅላት ወይም ትኩሳት ከሌለ ያቁሙት።