ስለ በርና መስኮት የእጅ ቅርጽ ባለመሮውን ጠይቁ

ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ ደሴ ያሠራሁት የዋንዛ በር በሁለት ወሩ የተቀረጸበት የሐረግ ጌጥ መሀል ለመሀል ተሰነጠቀ። እንጨቱ መጥፎ ሆኖ ነው?

ባለመሮው፦ ዋንዛው ምን አደረገ! ሳይደርቅ ነው የተቀረጸው። የደጋ እርጥበት ይዞ ኮምቦልቻ ሲወርድ በወርዱ ይኮማተራል፣ በቁመቱ እምብዛም። ሠሪው ደግሞ ሳንቃውን በኮላና በምስማር ከክፈፉ ጋር ቸንክሮታል፤ መሄጃ ሲያጣ ተተረተረ። 2.5 ሳንቲ ሜትር ጣውላ በጥላ፣ በየመሀሉ ቀጭን ርብራብ ገብቶለት፣ ለመድረቅ ዓመት ገደማ ይፈልጋል። ሳንቃው ክፈፉ ቦይ ውስጥ ያለ ኮላ ይግባ፤ ግራና ቀኝ 3 ሚሊ ሜትር ይተውለት።

ከሐይቅ፦ የትኛው መሮ ይሻላል?

ባለመሮው፦ የተሳለው።

ከላሊበላ፦ የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን መስኮት የመሰለ ፍርግርግ ስሠራ ቀጫጭኑ ይሰበርብኛል።

ባለመሮው፦ እታለም፣ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። እዚያ መስኮት ላይ ሰው ሁሉ ቀዳዳውን ያያል፤ አንቺ የቀረውን እንጨት እዪ። 3 ሳንቲ ሜትር ጣውላ ውሰጂ፣ የደረቀ። ስትነድፊ በቀዳዳና በቀዳዳ መሀል የሚቀረው ጠባቡ ድልድይ ከ1 ሳንቲ ሜትር አይነስ፤ በተለይ የእንጨቱን ጅማት አቋርጦ የሚሄደው፣ የሚሰበረው እሱ ነው። የላዩን ጌጥ ቀዳዳው ሳይከፈት ቅረጪ፤ መዶሻ የሚችለው ሙሉ ጣውላ ነው። ከዚያ በመሰርሰሪያ ብሺ፤ ከጀርባው ቁራጭ እንጨት በሞርሳ አጥብቂ፣ አለዚያ መውጫው ይቦጨቃል። በቀጭን መጋዝ ከመስመሩ 1 ሚሊ ሜትር ራቅ ብለሽ ቁረጪ፣ የቀረውን በመሮ ከሁለቱም ፊት ወደ መሀል ጥረቢ።

ከወልድያ፦ በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቅረጫ፣ ሲኤንሲ ማሽን እያለ ምን ያለፋል?

ከደሴ፦ ማሽኑ ምላጩ ስለሚዞር የውስጥ ጥጉን ክብ አድርጎ ይተወዋል። ሹሉን ያው በመሮ ነው የምትጨርሰው።

ከወልድያ፦ ደንበኛ ዋጋ እንጂ ጥግ አያይም!

ከደሴ፦ ያንተ ደንበኛ ይሆናል።

ባለመሮው፦ ጀመአ፣ በቃ! ማሽኑም እርጥብ እንጨት ከጎረሰ ያው ነው፣ ይሰነጠቃል።

ከመርሳ፦ ቫርኒሽ ወይስ ዘይት?

ባለመሮው፦ ለቤት ውስጥ የተልባ ዘይት፣ በስሱ፣ ትርፉን በጨርቅ እያነሣችሁ። ጨርቁን ጠቅልላችሁ አትጣሉ፣ በራሱ ይነድዳል፤ ዘርግታችሁ አድርቁት።

ከኮምቦልቻ፣ ሌላ ሰው፦ የኔም በር ተሰነጠቀ፣ ምን ይሻለኛል?

ባለመሮው፦ ላይኛውን አንብብ እንጂ! አብሽር፣ ይድናል። ስቱኮ አትሙላበት፣ ክረምት ሲያብጥ ይተፋዋል። መጀመሪያ ሳንቃውን ከምስማሩ ነፃ አውጣ፣ ከዚያ ከዋንዛው ቀጭን ስንጣሪ በኮላ አስገባ።

ከደሴ፦ ጣውላ ከየት ልግዛ?

ባለመሮው፦ የደረቀ ከሆነ ከየትም። ከደን የተሰረቀ ዋንዛ ግን እንዳታመጣብኝ።