ከጅማ የመጡ ጥያቄዎች፦ ስታር ሲቲዝን ለምን አያልቅም?

ጥያቄ፦ ሁለት ጓደኛሞች ነን፤ ቂጦ ፉርዲሳ ግቢ ነው የምንማረው። ገና እየተሠራ ስላለው የኮምፒውተር የጠፈር ጨዋታ፣ ስለ ስታር ሲቲዝን፣ መስማማት አቅቶናል። አንዳችን «ከተጫዋች ገንዘብ እየሰበሰቡ መብላት ነው» ይላል፤ ሌላችን «ትልቅ ሥራ ጊዜ ይወስዳል» ባይ ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ሌብነት አይደለም። የሚሠራ ነገር አለ፣ ዛሬ ገብታችሁ ልትጫወቱት ትችላላችሁ። «ጊዜ ይወስዳል» የሚለው መልስ ግን ያን ሁሉ መዘግየት አይሸከምም። በእኛ እምነት ያዘገየው ገንዘቡ ራሱ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልን።)

የጨዋታው ፈጣሪ ክሪስ ሮበርትስ በ2012 ኪክስታርተር በተባለው የመዋጮ ድረ ገጽ ላይ የጠየቀው 500 ሺህ ዶላር ነበር። ከ2.1 ሚሊዮን በላይ አገኘ፤ በራሱ ድረ ገጽ ከገባው ጋር 6.2 ሚሊዮን ገደማ ደረሰ። ጨዋታው ይደርሳል የተባለው ኖቬምበር 2014 ነበር። ዘመቻው ሲያበቃ ግን መዋጮው አልተዘጋም፤ የጨዋታውን መርከቦች በእውነተኛ ገንዘብ መሸጡ ቀጠለ። «ይህን ያህል ከሞላ ይህን እንጨምራለን» እየተባለ የሚሠራው ነገር ዝርዝር ረዘመ፤ ገና ከጅምሩ 100 የከዋክብት ሥርዓት ቃል ተገብቶ ነበር። ዲሴምበር 2024 ላይ አልፋ 4.0 (ገና ያላለቀው የጨዋታው እትም) ሲወጣ ተጫዋቹ የሚዞርባቸው ስታንተንና ፓይሮ ብቻ፣ ሁለት ነበሩ። የተሰበሰበው ደግሞ 2022 ላይ 500 ሚሊዮን፣ 2024 ላይ 700 ሚሊዮን ዶላር አልፏል።

ሌላው ስቱዲዮ ገንዘቡ ሊያልቅበት ሲል ያለውን አስተካክሎ ያወጣል። እዚህ ገንዘቡ ስለማይነጥፍ «በቃ፣ ይብቃን» የሚል አልተገኘም። ኤሊት ዴንጀረስ የተባለውን ሌላ የጠፈር ጨዋታ ተመልከቱ፦ በዚያው በ2012 መጨረሻ መዋጮ ጀምሮ፣ 1.58 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ይዞ፣ ዲሴምበር 2014 ላይ ወጣ። ጎደሎ ነበር፤ ፕላኔት ላይ ማረፍ እንኳ የመጣው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ግን ወጣ።

«ጊዜ ይወስዳል» የሚለው ጓደኛ ደግሞ አንድ ጥሩ ማስረጃ አለው፤ እሱም የሰርቨሩ፣ ማለትም ጨዋታውን ለሁሉም የሚያስኬደው የኩባንያው ኮምፒውተር፣ ጣጣ ነው። እስከ 4.0 ድረስ አንድ ሰርቨር መላውን ስታንተን ብቻውን ያሰላ ነበር፤ የሚችለውም 100 ተጫዋች ገደማ ነው። ጭነቱ ሲበዛ ሰርቨሩ በሰከንድ የሚያሰላው ቁጥር ይወርዳል። ያኔ አሳንሰሩን ትጠራላችሁ፣ በሩ አይከፈትም፤ ወይም ይከፈትና ውስጡ ባዶ ጉድጓድ ነው። የጫናችሁት ዕቃ ከመርከቡ ወለል ሾልኮ ይጠፋል። በመጨረሻ 30000 የሚለው የስህተት ቁጥር ይመጣና ሁሉም ተጫዋች ይባረራል። መፍትሔው ጠፈሩን ለብዙ ሰርቨሮች ማካፈል ነው። ችግሩ ድንበር ላይ ነው፦ መርከባችሁ ከአንዱ ሰርቨር ክልል ወደ ሌላው ሲሻገር ጥይቱም፣ ጓደኛችሁም፣ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጣችሁት ጠርሙስም ሳይቋረጡ መተላለፍ አለባቸው። ለዚህ መጀመሪያ እያንዳንዱ ዕቃ የት እንዳለ የሚመዘግብ ሥርዓት ያስፈልግ ነበር፤ ያ ማርች 2023 በአልፋ 3.18 ሲገባ ብዙ ሰው ለቀናት መግባት አቃተው። ይህ ከባድ ምህንድስና ነው፣ እናከብረዋለን። ነገር ግን መሠረቱ ሳይጣል በየዓመቱ አዲስ መርከብ መሸጡን ትክክል አያደርገውም።

ጥያቄ፦ የዚያው ኩባንያ ስኳድሮን 42 የሚባለው ለብቻ የሚጫወቱት ጨዋታስ?

መልስ፦ አንድ ጊዜ ለ2016 ተባለ። ኦክቶበር 2024 ላይ ደግሞ ለ2026 ተባለ። ወጥቶ ሰው ሲጫወተው ሳታዩ አትክፈሉ።

ጥያቄ፦ ሂርማታ መርካቶ ሱቅ አለኝ። ታናሽ ወንድሜ «የጠፈር መርከብ ልግዛበት» እያለ ዶላር እንድፈልግለት ይወተውተኛል። ይህ ነገር እንደ እቁብ ነው ወይስ እንደ አክሲዮን?

መልስ፦ ሁለቱም አይደለም፤ እንደ መዋጮ ይቁጠሩት። እቁብ ተራዎ ሲደርስ ይመለሳል፤ ይህ አይመለስም። አክሲዮን ምን እንደሚመስል ከራሱ ከኩባንያው ታሪክ ማየት ይቻላል፦ በ2018 ካልደር የተባለ የባለሀብት ቤተሰብ 46 ሚሊዮን ዶላር አስገብቶ 10 በመቶ ያህል ድርሻ ያዘ። በዚያው ዓመት ከተጫዋቾች የተሰበሰበው 200 ሚሊዮን አልፎ ነበር፤ እነሱ ግን ቅንጣት ድርሻ የላቸውም።

ወንድምዎ የግድ ካለ፣ መጫወት የሚያስችለው ትንሹ ጥቅል 45 ዶላር ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ አይሂድ። ቀሪዎቹን መርከቦች እዚያው እየተጫወተ በሚያገኘው የጨዋታ ገንዘብ መግዛት ይችላል። ሂሳቡ አልፎ አልፎ ከዜሮ እንዲጀመር ስለሚደረግ በዚያ እንዳይናደድ ይንገሩት። ሥዕሉ ብቻ ወጥቶ ገና ያልተሠራ መርከብ በፍጹም አይግዛ፤ ባኑ መርቻንትማን የተባለው 2013 ላይ ተሽጦ ከ10 ዓመት በኋላም አልበረረም። ቢጸጸት ገንዘቡን መጠየቅ ያለበት በ30 ቀን ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ መርከቡን ቢመልስ ገንዘቡ እዚያው ሱቅ ውስጥ ባለው ሂሳቡ ላይ ይቀመጣል እንጂ ወደ ካርዱ አይመጣም። ከሁሉ የሚሻለው በነጻ የሚከፈትባቸውን ቀናት መጠበቅ ነው፤ በየዓመቱ ኖቬምበር ላይ የመርከብ ኤግዚቢሽኑ ሲደረግ ይከፈታል።

ጥያቄ፦ የጅረን ልጅ ነኝ። 8 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ አለኝ፣ ዋይፋያችን 10 ሜጋቢት ነው። ይሆናል?

መልስ፦ በ8 ራም አይሆንም። ዝቅተኛው 16 ነው፣ እፎይ የሚያሰኘው 32። ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ ከሌለው አትሞክረው። ኤስኤስዲም (ፈጣኑ የማከማቻ ዲስክ) ግድ ነው፤ በድሮው ሃርድ ዲስክ ከተማው ሳይጫን አንተ ቀድመህ ትደርስና ምስሉ እየተቆራረጠ ትቸገራለህ።

ጨዋታው ከ100 ጊጋባይት በላይ ነው። 10 ሜጋቢት ማለት በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት ነው፤ መስመሩ ሳይቀንስ ቢያንስ 22 ሰዓት ይፈጃል። መብራት ቢሄድ ከመጀመሪያው አትጀምር፤ ላውንቸሩ (ጨዋታውን የሚያወርደውና የሚከፍተው ፕሮግራም) ከቆመበት ይቀጥላል። ካወረድክ በኋላ አልከፍት ካለህ ፋይሎቹን የሚያረጋግጠውን ትእዛዝ አስኪድ፤ የተበላሸውን ብቻ ያወርዳል። ከትልቅ አፕዴት በኋላ ምስሉ ከተቆራረጠብህ የሼደር (የብርሃንና የቀለም ስሌት) ማስቀመጫውን ፎልደር አጥፋው፣ ራሱ እንደገና ይሠራዋል፤ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ብቻ ታገሥ። ክልል ምረጥ ሲልህ አውሮፓን ምረጥ። ያም ሆኖ መልእክቱ አውሮፓ ደርሶ እስኪመለስ ይዘገያልና፣ ዕቃ ማመላለስና ማዕድን መቆፈር ይሻልሃል፤ ከሰው ጋር መታኮስ ላይ ትሸነፋለህ።